ለባዶ ወንበሮች

ሥራዬን ብትጠይቅ፣ ለሙት ፊልም ማሳየት፤
ስሜ ቶንግዳም ነው፣ አገሬ ኢሳን፣ ሩዝና ድርቀት ያለበት።
አንድ ሸራ አለኝ፣ ጠርዙ የነተበ፣
አንድ ጄኔሬተር፣ እንደ ሽማግሌ የሚስል፣ ሁሌ የተራበ።

አትሳቅ፣ ይከፈላል።
ሎተሪ የወጣለት፣
ልጁ ከውትድርና ዕጣ ጥቁሩን ስቦ የተረፈለት፣
"ይህን ካደረግህልኝ ሲኒማ አመጣልሃለሁ" ብሎ ከዛፍ ሥር የተሳለ
ስለቱን ሊያገባ እኔን ይቀጥራል፤ መንፈስ ዕዳ አይረሳም ስለተባለ።

ዛሬ የጠራችኝ ፒምቻን ናት፣ ጎማ የምትጠግነው፤
ማስቲሽ ጥፍሯ ሥር የደረቀ፣ ንግግሯ አጭር የሆነው።
ሃያ አራት የላስቲክ ወንበር በታጨደው ሜዳ ደረደረች፣
በያንዳንዱ ላይ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው አኖረች፣
"የሚያስፈራውን ክፈትላቸው፤ የሚያስቀውን አምና አይተዋል" አለች፣
ሞተሯን አስነሥታ ሄደች።

ደንቡ ነው፤ ሰው አይቀመጥም።
እኔ፣ ማሽኑ፣ ሃያ አራት ባዶ ወንበር።
ጨረቃ አልነበረችም። ውሻ ግን ነበር።

ፊልሙን አውቀዋለሁ፦ ወንዝ የበላው ጀልባ ቀዛፊ ሌሊት ሌሊት ይመለሳል፣
ያልተከፈለውን የመሻገሪያ ዋጋ በየበሩ ያስታውሳል።
በዘጠኝ ዓመቴ ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ እናቴ ጭን ላይ ሆኜ፤
ልዋሽህ አልችልም፣ ቀሚሷን አርጥቤ፣ ዓይኔን በጣቶቼ ከድኜ።
ያን ሌሊት አመንኩ። ወንዙን በሩቅ ዞርኩት፣
ለሚያንኳኳው ብዬ ሳንቲሜን ሁሉ ትራሴ ሥር አኖርኩት።

በዓመቱ ደግሜ አየሁት፣ ጣቶቼን ከፈትኩ ጥቂት፤
ሙቱ እጁን ሲዘረጋ ከእርጥብ እጅጌው ሥር የእጅ ሰዓት።
የእጅ ሰዓት! መስታወቱ የሚያበራ፤
ሙት ለምን ጊዜ ያያል? እንዳይዘገይ ነው ከሥራ?
ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ የቆመ ግድግዳ የለም፦
የዛፉ፣ የጉድጓዱ፣ የክታቡ ዓለም
አንድ በአንድ እጅጌውን ሰበሰበ፤
ሁሉም ሰዓት አስሮ ነበር፣ ዓይኔ ነው ያላነበበ።

ይኸው ሠላሳ ዓመት ፍርሃት ሸጬ፣
የዱቄቱን ፊት፣ የሽሮፑን ደም፣ የሽቦውን ክንፍ ለይቼ፣ መርጬ፣
ዛሬ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስለኛል፦
ሙት የሙት ፊልም ሲያይ ምን ይሆናል?
"እኛ እንዲህ አንራመድም" ብሎ ይስቃል?
ወይስ "ሰው የሚባል ነገር አለ" ሲሉት
"ተረት ነው" እያለ የኖረው ሙት
ሸራው ላይ ሰው ሲያይ፣ በር ዘግቶ ሲጮህ፣ ሲተነፍስ፣ ሲላበው፣
ያ የካደው ፍጥረት በጨለማ ይመጣበታል? ያስጨንቀዋል? ያስለቅሰዋል?

ሃምሳ አንደኛው ደቂቃ። እየቆጠርኩ ነው።
በሩ ይንኳኳል። እጁ ይዘረጋል።
ሰዓቱን ጠበቅሁ፣ እንደ ድሮ ወዳጅ ልስቅበት።
ነፋስ ሸራውን አጠፈው በዚያች ቅጽበት፣
እጁ የነበረበት ቦታ ጥቁር ስንጥቅ ሆነ።
ውሻው ዝም አለ።
በሦስተኛው ረድፍ አንዱ ወንበር ሲጥ አለ።

ላስቲክ ነው፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤
ይህን ለስንት ልጅ አስረድቻለሁ።
የክንዴ ፀጉር ግን ማስረዳቴን አልሰማም፤
አንድ በአንድ ተነሣ፣ መምህር እንደገባበት ክፍል።

ሸሸሁ ብልህ ደስ ይልህ ነበር። አልሸሸሁም።
አመንኩ ብልህ ደግሞ እዋሻለሁ። አላመንኩም።
ያደረግሁት ይኼ ብቻ ነው፦ ጎንበስ ብዬ
የድምፁን ቁልፍ በሁለት ነጥብ ቀነስኩ፣
"ይቅርታ፣ ጮኸብዎ መሰለኝ" አልኩ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሲነጋ ፒምቻን ባቱን ቆጥራ ሰጠችኝ፣
ወንበሮቹን ደራረብን። ጠርሙሶቹ ሙሉ ናቸው፤
ከሦስተኛው ረድፍ የተነሣው አንዱ
ጥቂት፣ የጣት ውፍረት ያህል፣ ጎድሏል።

ጉንዳን ነው፣ አልኳት፣
ሳትጠይቀኝ።